እናቴ በእርጥብ ሸሚዝ ከተማ ያቆመች ቀን

እናቴ ከተማ አቁማለች። አዎ፣ ከተማ። አውቶቡሱን፣ ታክሲውን፣ የጭነት መኪናውን፣ ሞተሩን፣ አንድ ድንች የጫነ የእጅ ጋሪ እንኳ ሳይቀር በአራቱም አቅጣጫ ቀጥ አድርጋ አቁማለች። ሸሚዟ ከደረቷ እስከ ቀበቶዋ በጡት ወተት ርሶ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ አንዱ እየሳቀ አንዱ እየተሳደበ፣ እሷ ቅንድቧን እንኳ ሳታነቃንቅ። በቃ፣ ዋናውን ነገርኳችሁ። መጨረሻ ላይ ላደርገው አስቤ ነበር ግን አልቻልኩም፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ እየዘለለ ነው።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሁሉንም ደግሞ ገልብጬ ነው የተረዳሁት።

እናቴ ትራፊክ ፖሊስ ናት። ቤታችን እሷ ከምትቆምበት መስቀለኛ መንገድ ፊት ለፊት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በርጩማ ላይ ወጥቼ በመስኮት ሳያት የጠርሙስ ክዳን ታክላለች፤ ለይቼ የማየው ነጩን ጓንቷን ብቻ ነው። መኪኖቹ ከጓንቷ ጣቶች ጋር በማይታይ ክር የታሰሩ ይመስለኝ ነበር። ወደ ራሷ ስትስብ ይመጣሉ፣ ስትዘረጋ ይቆማሉ። ማታ እቃ ስታጥብ እጇን አገላብጬ ክሩን እፈልገው ነበር። እንዴት ያለች ጅል እንደነበርኩ እዩልኝ።

ከዛ ወንድሜ ተወለደ።

ስለ አራስ ቤት ሰው የሚያወራው ሁሉ ውሸት ነው፣ እውነቴን ነው። ልጅ ይተኛል፣ እናት ታርፋለች፣ ቤቱ በጣፋጭ ሽታ ይሞላል ይባላል። የኛ ቤት የሚሸተው የኮመጠጠ ወተትና ያልደረቀ ልብስ ነበር። እናቴ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቆማ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። ማበጠሪያዋ በፀጉር ይሞላል። የሸሚዟን ቁልፍ አዛንፋ ቆልፋ ትወጣለች። አንድ ቀን ደግሞ የወንድሜ አንድ እግር ካልሲ ጠፋና መታጠቢያው ጋ ተደግፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔ ካልሲውን በጣም የምትወደው መሰለኝ። ሄጄ የራሴን ካልሲዎች በሙሉ ሰብስቤ አመጣሁላት። አቅፋኝ ጭራሽ ባሰባት፤ የኔ ካልሲዎች ስላላማሯት ነው ብዬ ተቀየምኳት።

ፈቃዷ አልቆ ሥራ ስትመለስ ችግሩ መጣ። ወንድሜ ጡጦ አልይዝም አለ። በጭራሽ። አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ልታግዘን መጥታ እኛ ጋ ነበር የምትኖረው፤ አባታችን የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። አክስቴ ያላደረገችው የለም። ወተቱን አሞቀችው፣ አቀዘቀዘችው፣ በማንኪያ ሞከረች፣ የእናቴን የሌሊት ልብስ ለብሳ፣ ፊቷን ሸፍና፣ ድምጿን አቅጥና ሞከረች። ወንድሜ ግን ጡጦዋን ገና ሲያያት ፊቱን ጨምድዶ በምላሱ ይገፋታል። አክስቴ ይሄ ልጅ ሲያድግ ዳኛ ነው የሚሆነው፣ በሐሰት ማስረጃ አይታለልም ትል ነበር።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። ከዛ ክብደቱ እንደቆመ፣ በሚቀጥለው ሚዛን ካልጨመረ ጡት በየሰዓቱ ማግኘት እንዳለበት፣ ማለትም እናቴ ቤት መዋል እንዳለባት ተናገረች።

የዛን ዕለት አክስቴ ኩሽና ውስጥ አልማረቻትም። ለመኪና ፊሽካ እየነፋሽ ለልጅሽ ጡት ትሰስቻለሽ አለቻት። እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«በሚቀጥለው ካልጨመረ ዩኒፎርሙን አስረክባለሁ፣ እትዬ» አለች።

እኔ በሩ ኋላ ነበርኩ። እናቴ ዩኒፎርሙን ለአክስቴ የምታስረክብ መሰለኝ። አክስቴ በዛ ሰፊ ወገቧ ሰማያዊ ሱሪ ለብሳ መሀል መንገድ ቆማ ሹፌሮቹን ስትሰድብ ታየኝና ለመኪኖቹ አዘንኩላቸው።

እናቴ ያንን ዩኒፎርም እንዴት እንዳገኘችው ያወቅኩት አሁን ነው። ከመንደሯ ሴቶች ፖሊስ የሆነች እሷ ብቻ ናት። ሥልጠና ላይ እያለች እግሯ አብጦ ጫማዋን በመቀስ ቀድዳ ሮጣለች። ያንን ልታስረክብ ነበር፣ ገባችሁ? በዛች ሚዛን ምክንያት።

እስከዛው ግን ዘዴ ተፈጠረ። ዘዴው የእናቴና የሥራ ጓደኛዋ የጋሽ ሸምበቆ ነው። ስሙ ሸምበቆ አይደለም፤ ቁመቱንና ቅጥነቱን ያየ ሁሉ እንደዛ ይለዋል፣ ራሱም በስሙ ሲጠሩት ዞር አይልም። ዘዴው ይሄ ነው፦ ወንድሜ ሲርበው እኔ ቀዩን ፎጣ በረንዳው ላይ እሰቅላለሁ፤ ያኔ የከሰዓት ተማሪ ነበርኩ፣ ትምህርት ቤት ስሆን አክስቴ ትሰቅላለች። እናቴ ስታየው ቆቧን ሁለቴ መታ መታ ታደርጋለች። ጋሽ ሸምበቆ ከዳር ወደ መሀል ይገባል፣ እሷ ተሻግራ አራት ፎቅ በሩጫ ትወጣለች። ቆቧን ሳታወልቅ ታጠባለች፣ እኔ ፊሽካዋን እይዝላታለሁ። ከዛ ትወርዳለች።

የዓለም ትልቁ ሥራ የኔ ነበር። ቀይ መብራት መኪና ያቆማል፣ የኔ ቀይ ፎጣ ደግሞ መኪና የምታቆመውን ሴትዮ ራሷን ያስመጣል። ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ እናቴን የማዛት እኔ ነኝ እል ነበር። የማላውቀው ግን እናቴ ለያንዳንዷ ማጥባት ከምሳ ሰዓቷ ቆርሳ እንደምትከፍል ነው። ያን ሁሉ ወራት ምሳዋን ቁጭ ብላ አልበላችም። ኪሷ ውስጥ ዳቦ ታደርግና ደረጃው ላይ እየወጣች ታኝካለች። እኔ የዳቦውን ፍርፋሪ ደረጃው ላይ ሳገኝ እንደ ተረቱ ልጆች መንገድ እንዳይጠፋት ምልክት የምታደርግ ነበር የሚመስለኝ።

እና ያ ቀን መጣ።

ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። የመንገዱ መብራቶችም አብረው ጠፉ። ወንድሜ ተነሳ፣ አለቀሰ፣ እኔ ፎጣዬን ሰቀልኩ። እናቴ ቀና ብላ አየችው። እንዳየችው አውቃለሁ፤ ጓንቷ አየር ላይ ቀጥ አለ። ቆቧን መታ መታ እስክታደርግ ጠበቅኩ።

አላደረገችም። ፊቷን አዞረች።

ጋሽ ሸምበቆ የለም። እናቴ አንድ እጇን አነሳች፣ የአንዱ አቅጣጫ መኪና ቆመ። ሌላውን ዘረጋች፣ የሌላውም ቆመ። ዞራ ፊሽካዋን ነፋች፣ አራቱም አቅጣጫ ፀጥ አለ። አሁን መምጣቷ ነው ብዬ በር ልከፍት ወረድኩ፣ ተመልሼ በርጩማዬ ላይ ወጣሁ፣ አሁንም እዛው ናት። መሀሉ ባዶ ነው። እንደ ታጠበ ሰሃን ባዶ። የሚያልፍ ሰው የለም፣ የሚያልፍ መኪና የለም፣ እናቴ ምንም የሌለበትን መንገድ በሁለት እጇ ትጠብቃለች።

ጥሩምባው ተጀመረ። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሁሉም። አንድ ብርማ መኪና በሩ ተከፈተና አንድ ሰውዬ ወረደ፤ እጁን እያወራጨ ወደሷ ሄደ፣ ባዶውን መንገድ አሳያት። እሷ አላየችውም። ከዛ እሱ ደረቷን አየ። ቆም አለ። ወደ ኋላ ዞሮ ለሌሎቹ ጠቆመና ሳቀ።

እኔም ያኔ ነው ያየሁት። ሰማያዊ ሸሚዟ ላይ ሁለት ጥቁር ክብ ነገር ወጥቷል። እየሰፋ ሄደ፣ ተገናኘ፣ ወደ ታች ወረደ። እናቴ በደረቷ የምታለቅስ መሰለኝ። ሰው እጁ ከተያዘና ዓይኑን መጥረግ ካልቻለ እንባው በደረቱ በኩል ይወጣል ማለት ነው ብዬ ለራሴ ገለጽኩት።

ኋላ ላይ ጠይቄያታለሁ። ጡቷ ከጠዋት ጀምሮ ወተት አግቶ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ከአራተኛ ፎቅ የልጇን ለቅሶ በዛ ሁሉ ጥሩምባ መሀል መስማት አትችልም። ፎጣዋን ማየት ግን በቃት። ጨርቅ አይታ ወተቷ ወረደ። ሰውነቷ እሺ ብሎ ነበር፣ እምቢ ያለው እጇ ነው። ይሄን ስትነግረኝ እንዴት ቀላል አድርጋ እንደነገረችኝ፣ ሽንኩርት እየላጠች።

አክስቴ ወንድሜን ታቅፋ መስኮቱ ጋ መጣች። ልጁ ከለቅሶ አልፎ ወደ መንቀጥቀጥ ገብቷል።

«ልጇ እዚህ ጉሮሮው ሊሰነጠቅ፣ እሷ ባዶ መንገድ ትጠብቃለች» አለች። ከዛ ሻሏን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ወንድሜን በአንድ ክንዷ፣ እኔን በሌላ እጇ ይዛ ወጣች። እያወረደችን ለእናቴ የምትላትን ትለማመድ ነበር። መንገዱ መሀል ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ልጁን እጇ ላይ ልታስቀምጥላት ነው። ደረጃው መስኮት የለውም፣ መብራት የለም፣ የወንድሜ ጩኸት ግድግዳውን እየመታ ይመለሳል፤ ሌላ ምንም አይሰማም። እኔ ፈርቼ ነበር። አክስቴ ዛሬ ዩኒፎርሙን ልትቀበል ነው ብዬ።

ስንወጣ መኪኖቹ መንቀሳቀስ ጀምረዋል። ጋሽ ሸምበቆ ከወዲያ ማዶ ቆቡን በእጁ ይዞ እየሮጠ መጥቶ መሀል ገባ። እናቴ ወደኛ እየመጣች ነው፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ። አክስቴን ሰላም አላለቻትም፣ እኔንም አላየችኝም። ልጁን ተቀበለች፣ ከፖሊሱ ሞተር ሳይክል ኋላ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች፣ ቁልፏን ፈታች። ወንድሜ እንደ ነብር ነው የያዘው። እናቴ ጥርሷን ነክሳ ዓይኗን ጨፈነች።

አክስቴ አፏን ከፍታለች። የተለማመደችው ሁሉ ምላሷ ላይ አለ። በዛች ሰዓት ግን ያ ብርማ መኪና ቀስ ብሎ አጠገባችን ደረሰ፣ መስኮቱ ወረደ፣ ሰውዬው እዚህ ወተት ቤት ተከፍቷል እንዴ ብሎ ጠየቀ።

አክስቴ ዞረች። ለእናቴ የተዘጋጀው በሙሉ ወደሱ ሄደ።

«አንተን እናትህ በቧንቧ ነው ያሳደገችህ?» አለችው። «ንገረኛ። የየትኛው ሰፈር ቧንቧ ነው፣ ሄጄ ልዝጋው።»

ከሱ ኋላ ያለው የታክሲ ረዳት መኪናዋን እየደበደበ ሳቀ። ሰውዬው መስኮቱን ዘግቶ ሄደ። አክስቴ ሻሏን አውልቃ በሁለት እጇ ዘርግታ እንደ መጋረጃ ቆመች። እኔ ሻሉን በንፋስ የምታደርቀው መስሎኝ አንዱን ጫፍ ያዝኩላት።

ከሻሉ ኋላ እናቴ በጣም በቀጭን ድምፅ፣

«ደርሳለች መሰለኝ፣ እትዬ» አለች።

«ማን?»

«አላውቃትም።»

አክስቴ ድካም ጭንቅላትሽ ላይ ወጥቷል፣ ዝም ብለሽ አጥቢ አለቻት። እኔም እናቴ ያመማት መሰለኝ።

በሁለተኛው ቀን አለቃዋ ቤታችን መጣ። ትከሻው ላይ ብዙ ኮከብ ያለው፣ ፊቱ እንደ ተዘጋ ሱቅ የሆነ ሰውዬ። የብርማው መኪና ሹፌር ከሷታል፦ ያቺ ትራፊክ ባዶ መንገድ ይዛ ሰው አጉላላች፣ ዩኒፎርሟን አዋረደች፣ ደግሞ ፎቅ ላይ ፎጣ ሲሰቀል ሥራዋን ጥላ ትሄዳለች ብሎ። እኔ ደረጃው ላይ የጫማውን ድምፅ ስሰማ ፎጣዋን ቀሚሴ ውስጥ ከተትኳት። ሊይዛት የመጣው እሷን ነዋ፣ ፎጣዋን። አለቃው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሆዴን አየና፣ አንቺም ልትወልጂ ነው እንዴ አለኝ። አልሳቀም። አውጥቼ ሰጠሁት።

እንዴት እንደምትሰቅያት አሳዪኝ አለ። በርጩማዬን ጎትቼ ሰቀልኩ። እሱም በረንዳው ላይ ከጎኔ ቆመ።

እስቲ ከታች ሆናችሁ አስቡት። እናቴ ቀና ስትል ፎጣዋን ታያለች፣ ከፎጣዋ አጠገብ ደግሞ አለቃዋን። ሳቄ ይመጣል አሁን፤ እሷ ግን አበቃልኝ ብላ ነበር። እንደዛም ሆኖ ቆቧን ሁለቴ መታች፣ ጋሽ ሸምበቆ ገባ፣ አራት ፎቅ ወጣች፣ በሩን ከፍታ እያለከለከች ሰላምታ ሰጠች። ወንድሜ እያለቀሰ ነው። ማንም አልተነቃነቀም።

«አጥቢው» አለ አለቃው። «እኔ ፊቴን አዞራለሁ።»

እና ዞሮ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ትምህርት ቤት አጥፍተን ስንገኝ ፊታችሁን ወደ ግድግዳ እያሉ የሚያቆሙን ልክ እንደዛ ነው። አለቃው የተቀጣ መሰለኝ። የቀጣችው ደግሞ እናቴ። በኩራት ልፈነዳ ነበር፣ እና ካየሁት ነገር ሁሉ ለእውነት የቀረበው ይሄኛው ነው ብዬ አሁንም አስባለሁ።

ወንድሜ ጠብቶ እስኪጠግብ ሰውዬው አልዞረም። ከላይ ሆኖ መስቀለኛውን መንገድ ያያል። በመጨረሻ ከዚህ ሲታይ ከቢሮው ይልቅ ብዙ ነገር ይገባል አለ። ከዛ ለእናቴ ከዛሬ ጀምሮ ፎጣዋ ስትወጣ ጋሽ ሸምበቆ እንዲገባ፣ ይሄ የሱ ትእዛዝ እንደሆነ፣ ምሳዋንም ቁጭ ብላ እንድትበላ ነገራት። እኔን ደግሞ ፎጣዋን ከፍ አድርጌ እንዳስር፣ አውቶቡስ ሲቆም እንደሚከልላት መከረኝ። አክስቴ ሻይ ሳይጠጣ አላስወጣችውም፤ ሁለተኛውንም ሲጠጣ ስለ ፖሊስ ደሞዝ አስተያየቷን ሰጠችው።

በሚቀጥለው ሚዛን ቀስቷ ከነበረችበት ተነስታ ሄደች። አክስቴ ነርሷን ግንባሯን ሳመቻት። እናቴ ዩኒፎርሟን ለማንም አላስረከበችም።

ያ ባዶ መንገድ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። እናቴ ለምን ምንም ያልነበረበት መንገድ ጠበቀች? ስጠይቃት ሥራ ነው ትለኛለች። ተውኩት። እናቴ የዛን ቀን ደክሟት ተሳስታ ነው ብዬ ይዤው አደግኩ። እስከ ትናንት ወዲያ ድረስ።

ከትናንት ወዲያ ጋሽ ሸምበቆን ላነጋግረው ሄድኩ፣ ለምን እንደሄድኩ እነግራችኋለሁ። እና ያንን ቀን ሳነሳበት ሻዩን አስቀመጠ። አምቡላንስ ነው አለኝ። ትንሽ ክሊኒክ የወለደች ሴት ደሟ አልቆም ብሎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እየወሰዷት ነው። በሬድዮ መንገድ ክፈቱ ተባለ። መብራት የለም። ከታች ያለውን መስቀለኛ መንገድ የሚይዝ ሰው ስለሌለ እሱ ወደዛ ሮጠ፣ እናቴ ብቻዋን አራቱን አቅጣጫ ያዘች። አንዱን እንኳ ብትለቅ ይዘጋጋል፣ ከተዘጋጋ ደግሞ አይፈታም። ስለዚህ አምቡላንሱ ገና ከሩቅ ሳለ መንገዱ ባዶ ሆኖ መጠበቅ ነበረበት። ለካ ባዶ ማድረጉ ነው ሥራው። ሲያልፍ ደግሞ ሽው አለ፣ ሄደ፤ እኛ ያኔ በዛ ጨለማ ደረጃ ላይ ነበርን። ሳይረኑን የወንድሜ ጩኸት ዋጠው። ከተማው ሁሉ ያየውን እኛ ሳናይ ቀረን፤ የብርማው መኪና ሹፌርም አይቶ ክሱ ውስጥ ሳይጠቅሰው ቀረ።

ሴትየዋ ተርፋ እንደሆነ ጠየቅኩት። ከሰዓት በኋላ አምቡላንሱ ሲመለስ ሹፌሩ እነሱ ጋ ሲደርስ ዝግ አደረገ፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ አውራ ጣቱን አሳያቸው፣ ሄደ። ሪፖርቱ ይሄው ነው። ስሟን አያውቁም። ጋሽ ሸምበቆ ይሄን እየሳቀ ነው የነገረኝ፣ ግን ዓይኑን ሁለቴ ጠረገ።

የሄድኩበት ምክንያት ደግሞ ይሄ ነው፦ ነገ እናቴ ማዕረግ ይጨመርላታል። አዳራሽ ውስጥ፣ በሰልፍ፣ በማርሽ ባንድ። ከቤተሰብ አንድ ሰው አጭር ንግግር ያደርጋል፣ እኔ ተመርጫለሁ። ታሪክ ልሰበስብ ስሄድ ይሄንን አገኘሁ። እስቲ አሁን ሌላ ምን እናገራለሁ? እናቴ ታታሪ ናት ልበል?

ግን ወንድሜ አለ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የጋሽ ሸምበቆ ልጅ የክፍል ጓደኛው ነው፣ ግማሽ ክፍላቸው ይመጣል። ስለ ጡትና ስለ ወተት አዳራሽ ውስጥ ከተናገርሽ እስከ ልጅ ልጄ ድረስ «ወተቴ» ነው የሚሉኝ፣ ከቤት አልወጣም አለኝ። ለመንኩት። መጻፍ ትችያለሽ፣ አንቺን ማን ያነብሻል አለ። አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ።

እናቴ ትፍረድልኝ ብዬ ሄድኩ። የነገውን ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ጋሽ ሸምበቆ ሁሉን እንደነገረኝ ነገርኳት፣ ኮራሁብሽ አልኳት፣ ለሰው ሁሉ ልናገረው አልኳት። ካውያውን አቆመች።

«የዛን ቀን እኔ ምን ሆንኩ? ሸሚዜ ረጠበ፣ ታጠበ» አለችኝ። «የተራበው ወንድምሽ ነው። ለሴትየዋ የወተቱን ሰዓት የሰጣት እሱ ነው። ያኔ ማንም አልጠየቀውም። አሁን ጠይቂው።»

ጠየቅኩት። ልክ እሷ እንዳለችው፣ ቃል በቃል። ከሷ ጋር ሆኖ መንገዱን የያዘው እሱም እንደሆነ፣ ካልፈለገ እንደማልናገር ነገርኩት። ጆሮው ቀላ፣ ክፍሉ ገባ፣ በሩን ዘጋ። እስካሁን አልወጣም። ዝምታው እሺ ይሁን እምቢ አላውቅም፣ ንግግሩ ነገ ጠዋት ነው፣ እኔ ደግሞ ማይክራፎን ፊት ስቆም ራሴን አውቀዋለሁ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?